የበሬው ሳል

ቢላው ሳንባው ውስጥ ሲገባ ክርር አለ። ጋሮምሳ እጁን ገታ አደረገና ትንሽ ወረድ ብሎ እንደገና ቆረጠ። አሁንም ክርር አለ፤ አሸዋው በደንብ ያልታጠበለት ጎመን የሚከትፍ ይመስል። የቆረጠውን በሁለት ጣቶቹ ፈልቀቅ አድርጎ ወደ በሩ ብርሃን አዞረው። ሽንብራ የሚያካክሉ ቢጫ እብጠቶች ጎን ለጎን ተኮልኩለዋል።

በአዳማ ቄራ ሰባት ዓመት ሥጋ መርምሯል፤ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። በአዲስ ዓመት ጠዋት፣ በሚኖርበት ብሎክ፣ የራሱም ድርሻ ባለበት በሬ ላይ እሰማዋለሁ ብሎ ግን አላሰበም ነበር። ወይም አስቦ ነበር፤ እሱን ቆይተን እንመጣበታለን።

“ማል ተኤ?” አለ ገመቹ። ገመቹ አራጁ ነው። ቆዳውን ገፍፎ ጨርሶ ክንዱን በባልዲ ውሃ እየታጠበ ነበር። ቀና ብሎ ወደ አማርኛ ዞረ። “ምን ሆነ? ኮሶ አገኘህ?”

“ኮሶስ በሆነ።”

ገመቹ ጎንበስ ብሎ አየና ከንፈሩን ነከሰ። እሱም ቄራ ለቄራ ሲዞር ያደገ ሰው ነው፤ ማብራሪያ አላስፈለገውም። የክፍሉን በር በእግሩ ገፋ አድርጎ ገርበብ አደረገው።

ያሉት ኮሚናል በሚሉት ክፍል ውስጥ ነው። የኮንዶሚኒየሙ ሰው በጋራ ልብስ የሚያጥብበት፣ ለሠርግ የሚደግስበት፣ ለበዓል የሚያርድበት ቤት ነው። ደጅ ላይ አሥራ አራት አባወራ ቅርጫውን ይጠብቃል። ሴቶቹ ሳፋ ይዘዋል፤ ወንዶቹ ስለ ሻኛው ውፍረት ይከራከራሉ። አንዱ ቤት ቴፕ ከፍቷል። የአዳማ ነፋስ ለበዓልም አያርፍም፤ የአንዷን ነጠላ ከትከሻዋ ገፎ አጥሩ ላይ ሰቅሎታል።

“ስማ” አለ ገመቹ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ሳንባውን እኔ በፌስታል አድርጌ እጥለዋለሁ። አንተም አላየህ፣ እኔም አላየሁ። ሥጋው እንደሆነ ተመልከተው፣ ያምራል። ሌላ ሦስት በሬ ይጠብቀኛል ወንድሜ።”

“ሳንባው ላይ ብቻ ከሆነ ሌላው ያልፋል። ደንቡም እንደዚያ ነው።”

“በቃ፣ አለፈ በላ።”

“ልየው መጀመሪያ።”

ጋሮምሳ ጉበቱን አገላበጠ። አንድ ቢጫ ነጠብጣብ አገኘ፤ ያቺን አንዲቷን እንኳ ስብ ናት ብሎ ራሱን ለማሳመን ሞከረ። የጎድኑን የውስጥ ገጽ በመዳፉ ዳሰሰ። ለስላሳ መሆን የነበረበት ቦታ ዶቃ እንደተሰፋበት ጨርቅ ይሻክራል። በመጨረሻ ትከሻው ሥር ያለውን ንፍፊት ፈልጎ አገኘ። ከወትሮው እጥፍ አብጧል። ሲሰነጥቀው እንደ አይብ ያለ ነገር ወጣ። ሰውነቱ ውስጥ ያልደረሰበት ቦታ የለም ማለት ነው። ቄራ ቢሆን ኖሮ ቅጹ ላይ ሦስት ቃል ጽፎ ወደሚቀጥለው በሬ ያልፍ ነበር፦ ሙሉ በሙሉ ይወገድ። እዚህ ግን ቅጽ የለም፤ ያሉት ጋሼ ወልደአማኑኤል ናቸው።

ጋሼ ወልደአማኑኤል ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ሠላሳ ዓመት የአውቶብስ ትኬት ሲቆጣጠሩ ኖረው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ የሚቆጣጠሩት ነገር ሲያጡ ብሎኩን መቆጣጠር ጀመሩ። ሰው ይስቅባቸዋል እንጂ አይጠላቸውም። ሕንፃው ሰው ከገባበት ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቅርጫውን የሚያስተባብሩት እሳቸው ናቸው። በሬውን ይመርጣሉ፤ ሥጋውን በአሥራ አራት መደብ ይደለድላሉ፤ እያንዳንዱ ሰው ለዕጣ የሚሰጣቸውን ቁልፍ፣ አዝራር፣ ቆርኪ በባርኔጣቸው ይሰበስባሉ። ዕጣውን በመደቦቹ ላይ የሚጥለው ግን ዛኪር ነው፤ የግቢው ጥበቃ። ሙስሊም ስለሆነ ከዚህ ሥጋ አይበላም። “መደብ የሠራ አይመርጥም፣ ዕጣ የሚጥል አይበላም” ይላሉ ጋሼ፣ “ከዚህ ሌላ ሕግ የለንም።” በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ተበልጫለሁ ብሎ አያውቅም፤ በውሃ፣ በመኪና ማቆሚያና በደረጃ ጽዳት በየሳምንቱ ለሚጣላ ብሎክ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በሬውን የገዙት ማክሰኞ ዕለት አርሲ ነገሌ ገበያ ወርደው ነው። ክፍያ ከመፈጸማቸው በፊት በስልክ ጋሮምሳን በቪዲዮ ደወሉለት። እሱ ቄራ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ቦት ጫማ ለብሶ፣ በአንድ እጁ ማህተም ይዞ ነበር። ምስሉ ይቆማል፣ ይንቀሳቀሳል። ቀይ በሬ፣ ሰፊ ደረት፣ የጋሼ አውራ ጣት፣ እንደገና በሬ። “ጥሩ ነው ጋሼ፣ ይግዙት” አለና ዘጋ። ጋሼም ተመልሰው ለሁሉም “ዶክተሩ አይቶታል” አሉ። ጋሮምሳ ዶክተር አይደለም፤ ዲፕሎማ ነው ያለው። መጀመሪያ ሰሞን ዶክተር አይደለሁም እያለ ይከራከር ነበር፤ ኋላ ሰለቸው፤ ከዚያም ለመደው፤ አሁን እንኳ ሳይጠሩት ሲቀሩ ቅር ይለዋል።

ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነጋዴው ምልኬሳ በሬውን በአይሱዙ አምጥቶ አወረደ። ሲሄድም “እስከ ነገ ማለዳ አዳማ ነኝ፤ እንከን ከተገኘበት ደውሉልኝ፣ እለውጣለሁ” ብሎ ስልክ ቁጥሩን ለጋሼ ሰጠ። ጋሮምሳ ከሥራ ሲመለስ በሬው አጥሩ ጋ ታስሯል። በዚያች ቀን ብቻ ስልሳ አምስት ከብት አይቶ ነው የመጣው። ሊያልፈው ሲል በሬው አሳለ። ደረቅ ሳል ነው፤ አንገቱን አስግጎ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ ሁለት ጊዜ።

“ዶክተር” አለው ዛኪር ከጥበቃ ቤቱ በር፣ “ይሄ በሬ ከመጣ ጀምሮ ያስላል።”

“የመንገድ አቧራ ነው” አለ ጋሮምሳ። ቆሞ አላዳመጠም። ልጆች በሬውን ከበው ሳር ያበሉታል፤ ጋሼ በኩራት ጀርባውን ይመቱታል፤ ጎረቤቱ በላይነሽ ከምድር ቤት መስኮቷ ላይ ሆና ትስቃለች። ነገ ሳንባውን አየው የለ፣ አለ በልቡ፣ ወደ ቤቱም ወጣ። አቧራ እንዳልሆነ ግን ደረጃውን ሲወጣ ያውቅ ነበር።

አሁን ቢላውን አስቀመጠ። “ምልኬሳ ሄዷል?” ብሎ ጠየቀ።

“ዛሬ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሻሸመኔ መንገድ ላይ አይቼዋለሁ፣ ባዶ መኪና ይዞ” አለ ገመቹ። “ለምን?”

“ለምንም።”

ከዚያ በሩን ከፍቶ ወጣ።

ጋሼ ወልደአማኑኤል ነጭ ሸሚዝና የበዓል ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን እንደ ሰሃን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ውስጡ አሥራ አራት ዕጣ ይንኳኳል። “በል ዶክተር፣ መደቡን ልጀምር?” አሉት።

“ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ይስሙኝ። በሬው ታሟል።”

“የሞተ በሬ ደግሞ ምን ያመዋል?” አለ ሚኪያስ። ሚኪያስ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር የመኪና ዕቃ ነጋዴ ነው። ሰው ሳቀ፤ ጋሮምሳ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ።

“ቲቢ ነው” አለ።

ቴፑ ብቻ ቀረ፤ እሱንም አንድ ሰው ሄዶ ዘጋው። ጥቂት ዓይኖች፣ ባለቤቶቻቸው ሳያውቁት ይመስላል፣ ወደ በላይነሽ ዞሩ። በላይነሽ ልብስ ሰፊ ናት። አምና ስድስት ወር የቲቢ መድኃኒት ስትወስድ ብሎኩ ውስጥ ከእሷ ብርጭቆ ውሃ የጠጣ አልነበረም። ድና እንኳ ቅርጫ ለመግባት ደፍራ አታውቅም፤ ዘንድሮ ነው የገባችው። ባለፈው ረቡዕ ጋሮምሳን ደረጃ ላይ አስቁማ “አንተ ካየኸው እገባለሁ” ብላው ነበር። አሁን ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

“ሳንባው ላይ ነው?” አለ ሚኪያስ። “ሳንባውን ጣሉታ።”

“ሳንባው ላይ ብቻ አይደለም። ጉበቱም፣ ጎድኑም፣ ንፍፊቱም ውስጥ ገብቷል። ይህ ሥጋ አይበላም።”

“አብስለን እንበላዋለና። እሳት የማይገድለው ነገር አለ እንዴ?”

“ዛሬ ጥሬ የማይቆርጥ ቤት ካለ እጁን ያውጣ” አለ ጋሮምሳ።

አንድም እጅ አልወጣም። ሚኪያስ ግን በዋዛ የሚረታ ሰው አይደለም። ወደ መሀል ገባ፣ ፊቱንም ወደ ሕዝቡ አዞረ።

“እኔ ማንንም አላስገድድም” አለ። “ሁላችንም ትልልቅ ሰዎች ነን፤ ለራሳችን እናውቃለን። የፈለገ ድርሻውን ይውሰድ፣ ያልፈለገ ይተው። ከፈለጋችሁ ድምፅ እንስጥ። ከዚህ በላይ ፍትሕ አለ?”

ማጉረምረም ተጀመረ። “እውነቱን ነው” አለ አንዱ። “የበዓል ቀን ባዶ ሳፋ ይዤ ልገባ ነው?” አለች ሌላዋ። ሁለት እጅ ወጣ፤ ከዚያ ሦስተኛ፤ ከዚያ በኋላ መቁጠር አስቸገረ። ሚኪያስ ወደ ክፍሉ ሲራመድ ጋሮምሳ በሩ ላይ ቆመ። ደም የነካውን እጁን መቃኑ ላይ አሳረፈ።

“እለፍልኝ” አለ ሚኪያስ።

“ከዱከም እንግዶች ይመጡብሃል አይደል?”

“መንገድ ላይ ናቸው። አማቾቼ ናቸው።”

“ሥጋውን አቅርበህ፣ ቢላውን ሰጥተህ፣ ይህ በሬ ቲቢ ነበረበት ብለህ ትነግራቸዋለህ?”

“አንተ በእንግዳዬ ምን አገባህ?”

“እነሱ እዚህ ቆመው ድምፅ አልሰጡማ። ያንተም ልጆች አልሰጡም፤ የኔም ልጅ አልሰጠችም።”

ሚኪያስ ክንዱን ያዘው። ጋሮምሳ አልተነቃነቀም፤ ሌላ ሁለት ሰው ቢጨመር ግን በሩን እንደሚለቅ አወቀ። ያኔ ነው በላይነሽ የተናገረችው። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

“ያን ክኒን ስድስት ወር የዋጥኩት እኔ ነኝ” አለች። “ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ። ሽንቴ እንደ ቀይ ወጥ ነበር የሚሆነው። ከዚያ ሁሉ የከፋው ግን እናንተ ደረጃ ላይ ስታገኙኝ ግድግዳውን ተጠግታችሁ ስታልፉ ነው። አልቀየማችሁም፤ ፈርታችሁ ነው። ታዲያ ዛሬ ምነው ፍርሃቱ ጠፋ?”

ሳፋዋን ገልብጣ መሬት ላይ ደፋችው፣ ላዩ ላይም ተቀመጠች። የወጡት እጆች አንድ በአንድ ወረዱ። ሚኪያስ የጋሮምሳን ክንድ ለቀቀ።

ዛኪር ማንም ሳያዘው ከጥበቃ ቤቱ ሁለት ጠርሙስ በረኪና ይዞ መጣ። ጋሮምሳ ሥጋውን እዚህም እዚያም በቢላ ተለተለና በረኪናውን አፈሰሰበት። ሰው ሐሳቡን እንዳይቀይር ቄራም ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ይደረጋል። ሽታው ደጅ ሲደርስ አንዲት ሴት አለቀሰች። ለሥጋ ማልቀስ ያሳፍራል የሚል ካለ፣ የበዓል ጠዋት ባዶ ድስት አይቶ የማያውቅ ነው።

ንዴት ደግሞ ማረፊያ ይፈልጋል። ሚኪያስ ዞር አለና “በሬውን የመረጠው ማነው?” አለ።

“እኔ ነኝ” አሉ ጋሼ ወልደአማኑኤል።

“ዶክተሩ አይቶታል አላሉንም?”

አሁን ሁሉም ጋሮምሳን አየ። ጋሮምሳ አፉን ከፈተ። ትናንት የሰማውን ሳል አሁን እንደገና ሰማው። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር፤ ትናንት ብናገር ኖሮ በሬው ተለውጦ ነበር የሚል አጭር ቃል። ሽማግሌው ግን ቀደሙት።

“በስልክ ነው ያየው” አሉ ጋሼ። “መስመሩ እየተቆራረጠ። የበሬ ሳል በስልክ አይሰማም። እኔ ግን እዚያው ቆሜ፣ በእጄ ዳስሼ ነው የገዛሁት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጆሮዬ ከደከመ ቆይቷል፤ ለሰው መናገር አፍሬ ነው። እሱ ምን ያድርግ? ጥፋቱ የኔ ነው።”

“እንግዲያው ከሚመጣው ዓመት ሌላ ሰው ይግዛ” አለ ሚኪያስ።

“እሱም ልክ ነው።”

“መደቡንም ሌላ ሰው ይሥራ። ዘጠኝ ዓመት ይበቃል።”

ጋሼ ባርኔጣቸውን ወደ ሕዝቡ ዘረጉ። እያንዳንዱ እየመጣ ዕጣውን ለቀመ፤ አንዱ ቁልፉን፣ ሌላው አዝራሩን። ብዙዎቹ ፊታቸውን ሳያዩ ነው የወሰዱት። በላይነሽ ብቻ ነጭ አዝራሯን ስታነሳ “አይዞዎት ጋሼ” አለቻቸው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጋሮምሳ አሁንም አፉን እንደከፈተ ነበር። ባለቤቱ ትህትና መጥታ እጅጌውን ሳበችው፣ እሱም ተከትሏት ሁለተኛ ፎቅ ወጣ።

ቤት ገብቶ እጁን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበ። ትህትና ፎጣ ይዛ ቆመች። የባንክ ሠራተኛ ናት፤ ሰው ሲዋሽ ከአይኑ ታውቃለች ይባልላታል፤ ባሏን ግን በትከሻው ነው የምታውቀው።

“ምን ደብቀሃል?” አለችው።

“ትናንት ሲያስል ሰምቼው ነበር።”

“ማን?”

“በሬው። ዛኪርም ነግሮኛል። አቧራ ነው ብዬው አለፍኩ። ነጋዴው እዚሁ አዳማ ነበር። ደውዬ ቢሆን ይለውጠው ነበር።”

ትህትና ፎጣውን ሰጠችው። “ማን ያውቃል ይህን?”

“ዛኪርና እኔ። አሁን ደግሞ አንቺ።”

“ዛኪር ይናገራል?”

“አይናገርም።”

“ታዲያ ጋሮምሳ፣ ሥጋውን አስቆምከው እኮ። በሩ ላይ ቆመህ። ልትመታ ነበር። ከዚያ በላይ ምን ትሁን?” ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ፍርሃት ነው ያለው። “ቄራ ቢሰሙስ? የታመመ በሬ እያየ ያሳለፈ መርማሪ ይሉሃል። ሰባት ዓመት የሠራኸው ስም በአንድ ጠዋት ይጠፋል። ደክሞህ ነበር። ደክሞህ አልነበር?”

“ደክሞኝ ነበር።”

“በቃ።”

“ጆሮዬ ግን አልደከመም ነበር ትህትና። የደከመው የሳቸው ነው።”

መስኮቱ ጋ ሄዳ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች፣ ከዚያም ወደ ኋላዋ ሳትዞር “ና እየው” አለችው።

ከሕንፃው ጀርባ ኮንትራክተሩ ለፍሳሽ ቆፍሮ ትቶት የሄደ ጉድጓድ አለ። ገመቹና ዛኪር በሬውን በሸራ ጎትተው እዚያ ጥለውታል። ገመቹ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ ቀጣዩ በሬው እየሮጠ ነው። ዛኪር አፈር ይመልሳል። አጠገቡ ጋሼ ወልደአማኑኤል ኮታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቅለዋል፤ ባርኔጣቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። በነጭ ሸሚዛቸው፣ አካፋ ይዘው፣ ሁለት ጊዜ ይዝቃሉ፣ ያርፋሉ፣ እንደገና ሁለት ጊዜ ይዝቃሉ። ነፋሱ አፈሩን መልሶ ፊታቸው ላይ ይበትነዋል።

ጋሮምሳ ፎጣውን ወንበር ላይ ጥሎ ወረደ። ትህትና አልከለከለችውም።

“ጋሼ፣ እኔ ልዝቅ። ይቀመጡ” አላቸው።

“አይሆንም፣ የኔ ሥራ ነው።” ግን አካፋውን ሲቀበላቸው አልታገሉም። ድንጋዩ ላይ ተቀመጡና መሐረብ አውጥተው ግንባራቸውን ጠረጉ። ጋሮምሳ ከዛኪር ጎን ሆኖ መዛቅ ጀመረ። 

“ለምን አልተናገርክም?” አለው ጋሮምሳ ዛኪርን፣ ሽማግሌው እንዳይሰሙ ቀስ ብሎ። “እዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ነግሬው ነበር ብትል ማን ይጠይቅሃል?”

ዛኪር አካፋውን አፈር ውስጥ ተክሎ ተደገፈው።

“የኔ ሥራ ዕጣ መጣል ነው ዶክተር” አለ። “ዘጠኝ ዓመት የማን ቁልፍ፣ የማን አዝራር እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ቀን እንኳ ወደ ጥሩው መደብ አድልቼ አላውቅም። ዛሬ ተነስቼ ጥፋቱን ከሳቸው አንስቼ አንተ ላይ ልጥል ነው? የራስህን ዕጣ አንተ ታነሳለህ እንጂ።”

ይህን ብሎ ወደ አፈሩ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አላየውም፤ ቢያየው ለጋሮምሳ ይሻለው ነበር።

ጋሼ ከተቀመጡበት ባርኔጣቸውን አነሱና ገልብጠው ሊያራግፉ ሲሉ አንድ ነገር ተንኳኳ። ሰማያዊ የእስክሪብቶ ክዳን ነው።

“ይቺ የማን ናት?” አሉ።

“የኔ ናት ጋሼ።”

“ና ውሰዳት እንግዲህ። ለከርሞ የሚሰበስበው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ ጋ ቀርታ እንዳትጠፋ።” ክዳኗን በመዳፋቸው ይዘው ዘረጉለት። “ስማኝ ልጄ፣ አንተ ባትኖር ዛሬ ሁላችንም በልተነው ነበር። እኔ በገዛሁት። ምን ብዬ ከዚህ ሰው ጋር እኖር ነበር? እግዜር ይስጥህ።”

ጋሮምሳ ምስጋናውን ሲሰማ ከስድብ ይልቅ አመመው። ሚኪያስ በሩ ላይ ክንዱን ሲይዘው ፈርቶ ነበር፤ ያ ፍርሃት ግን ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም። እዚያ በሩ ላይ እውነት ከጎኑ ነበረች፤ እዚህ ግን ከፊቱ ቆማለች። ክዳኗን ከሽማግሌው መዳፍ ላይ አነሳ፣ ለአፍታ በጣቶቹ አሽከረከራት፣ መልሶም ባርኔጣው ውስጥ ጣላት።

“እርስዎ ጋ ትቆይ” አላቸው።

“ምነው? አትሰማም እንዴ፣ እኔ እኮ ከእንግዲህ…”

“ሰምቻለሁ ጋሼ። ትንሽ ይቀመጡ፣ አይሂዱ።”

አካፋውን አጥሩ ላይ አስደግፎ ወደ ግቢው በር ሄደ። በጥበቃ ቤቱ ጎን አሮጌ የመኪና ቸርኬ በሽቦ ተንጠልጥሏል። ብሎኩ ለስብሰባ ሲጠራ፣ ወይም እሳት ሲነሳ ብቻ ነው የሚመታው። የሚመታበት ብረት ከላዩ ተሰክቷል። ጋሮምሳ ብረቱን አወጣ፤ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ትህትና በረንዳው ብረት ላይ ሁለት እጇን አድርጋ ቆማ አያት። ምንም ምልክት አልሰጠችውም፤ ግን አልገባችም።

መታው። ድምፁ ግቢውን ሞላው። ደግሞ መታ፣ ደግሞ መታ። ዛኪር አካፋውን ይዞ ከሕንፃው ጥግ ብቅ አለ። ጋሼ ወልደአማኑኤልም ከኋላው ባርኔጣቸውን በእጃቸው እንደያዙ መጡ፤ ይሄን ድምፅ ጆሯቸው ሰምቶታል። በየፎቁ በሮች ተከፈቱ። በላይነሽ በመርፌ የተሞላ ጨርቅ እንደያዘች መስኮቷ ላይ ወጣች። ከሦስተኛው ፎቅ ሚኪያስ ስልኩን ከጆሮው ሳያወርድ ወደ ታች አጎንብሶ አየ።

“ደግሞ ምን ተገኘ?” አለ።

“ውረድ” አለው ጋሮምሳ፣ ብረቱን ወደ ቦታው እየመለሰ። “ትናንት በጆሮዬ የሰማሁት ነገር አለ።”